ምዕራፍ ሰባት፦ የሳሎን ዳገት

ክረምት ነው፤ ከምሽቱ አንድ ሰዓት። ዝናቡ መስኮቱን ይደበድባል። አዲስ አበባ ውስጥ፣ በአንድ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሶፋው ወደ ግድግዳ ተጠግቶ በቦታው ብስክሌት ቆሟል እንበል። ብስክሌቱ የኋላ ጎማ የለውም። በጎማው ፋንታ እግሮቹን ዘርግቶ መሬት የቆነጠጠ፣ ትሬነር የሚባል ከባድ መሣሪያ አለ፤ ካቴናው የሚዞረው በእሱ ላይ በተገጠመው ማርሽ ነው። ፊት ለፊት፣ ቴሌቪዥኑ ላይ፣ አንድ ትንሽ ብስክሌተኛ በረዶ የጫነውን ተራራ ይወጣል። ሳሎን ውስጥ ፔዳል የሚመታው ሰው ላቡ ከአፍንጫው ጫፍ እየተንጠባጠበ የተነጠፈለትን ፎጣ ያረጥባል።

አንድ ሰዓት ሙሉ መታ። ስክሪኑ 12.2 ኪሎ ሜትር ተጉዘሃል፣ 1,036 ሜትር ወጥተሃል አለው። ሰውዬው ግን ከሶፋው አጠገብ አንዲት ስንዝር አልራቀም።

ታዲያ ይህ ዳገት እውነት ነው ወይስ ውሸት? ከሳሎኑ በር ሳይወጡ ተራራ ወጣሁ የሚል ሰው ቢያጋጥመን ፈገግ ማለታችን አይቀርም። ነገሩን በቅርበት ስናየው ግን ውሸቱና እውነቱ እንደ ጤፍና አሸዋ ተደባልቀው እናገኛቸዋለን። የዚህ ምዕራፍ ሥራ መለየት ነው።

ከቲያትር መድረክ እስከ ቴሌቪዥን

ቆሞ መጋለብ አዲስ ነገር አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ብስክሌተኞች በሚሽከረከሩ በርሜሎች ላይ ይለማመዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1899 የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ጥቁር አሜሪካዊ ሜጀር ቴይለር፣ በዚያው ዓመት ባቡር ተከትሎ አንድ ማይል ከአንድ ደቂቃ በታች ከጋለበው ከቻርልስ መርፊ ጋር በአሜሪካ የቲያትር መድረኮች ላይ በዚህ ዓይነት መሣሪያ ተወዳድሯል። ተመልካቹ የሚያየው ሁለት ቦታቸውን የማይለቁ ሰዎችንና ርቀታቸውን የሚቆጥር ትልቅ መደወያ ነበር። መንገዱ ቁጥር ብቻ ነበር ማለት ነው። ሕዝቡ ግን ትኬት እየቆረጠ ገብቶ ይጮህ ነበር።

በ1980ዎቹ ሬሰርሜት የተባለ የሲያትል ኩባንያ ኮምፒውትሬነር የሚባል መሣሪያ ሠርቶ ከኒንቴንዶ የጌም ማጫወቻ ጋር አገናኘው፤ ቁጥሩ ሥዕል ሆነ። በ2012 ዋሁ የተባለው ኩባንያ ኪከር የሚለውን ትሬነር አወጣ። በ2014 ደግሞ ዝዊፍት የተባለው መተግበሪያ ለሙከራ ተከፈተ፤ በየቤታቸው የሚመቱ ሰዎች በአንድ መንገድ ላይ ተገናኙ። የዛሬው ብስክሌተኛችን የሚወጣው ዳገት የዚሁ የዝዊፍት ሲሆን ስሙ አልፕ ዱ ዝዊፍት ነው። የተቀዳው ከፈረንሳዩ አልፕ ዱዌዝ ነው። ቱር ደ ፍራንስ ያንን ተራራ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው በ1952 ሲሆን፣ በዚያ ዓመት ያሸነፈበት ጣሊያናዊው ፋውስቶ ኮፒ ነው። 21ዱ መታጠፊያዎቹ በዝዊፍትም ላይ 21 ናቸው።

መንገድ የሚያስከፍለው ሦስት ቀረጥ

እውነተኛ መንገድ ከብስክሌተኛ ሦስት ቀረጥ ይሰበስባል። አንደኛው የዳገት ነው፤ ራስንና ብስክሌትን ወደ ላይ መሸከም። ሁለተኛው የጎማ ነው፤ ጎማው አስፋልቱን በረገጠ ቁጥር የሚባክን ጉልበት። ሦስተኛው የአየር ነው፤ ነፋስ ባይኖርም እንኳ አየሩን ሰንጥቆ ማለፍ። የእነዚህ ሦስቱ ድምር የመንገዱ ሙሉ ሂሳብ ነው። ሂሳቡ የሚከፈልበት ገንዘብ ዋት ይባላል።

ብስክሌተኛችን 70 ኪሎ ይመዝናል፣ ብስክሌቱ 8 ኪሎ ነው እንበል። 78 ኪሎ ነገር 1,036 ሜትር ከፍ ማድረግ 793 ኪሎ ጁል ያህል ጉልበት ይጠይቃል። በአንድ ሰዓት ለመጨረስ ካሰበ ለዳገቱ ብቻ ሳያቋርጥ 220 ዋት መክፈል አለበት። የጎማው ቀረጥ 10 ዋት፣ የአየሩ 8 ዋት ገደማ ነው። ሲጠቃለል 240 ዋት ይጠጋል። ይህ ስንት ነው? የእንጀራ ኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይበላል። ምንም ሳይባክን ጉልበታቸውን ብናጠራቅም እንኳ፣ አንድ ምጣድ ለማሞቅ እንደ እሱ ያሉ 15 ሰዎች ጎን ለጎን ቆመው መምታት ይኖርባቸዋል። እንጀራ በእግር ቢጋገር ዋጋው ስንት ይገባ እንደነበር አስቡት!

ሜዳ ላይ ሂሳቡ ይገለበጣል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ለሚጋልብ ሰው ዳገት የለም፤ ጎማው 25 ዋት ገደማ ሲወስድ አየሩ ብቻውን 110 ዋት ያህል ይወስዳል። የአየር ቀረጥ ደግሞ ምሕረት የለውም፤ ፍጥነት በእጥፍ ሲያድግ ቀረጡ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ብስክሌተኞች በውድድር ላይ እርስ በርስ ጀርባ የሚሸጎጡት ለዚህ ነው። መተግበሪያውም ይህን ያውቃል፤ በስክሪኑ ላይ ከሌላ ጋላቢ ኋላ የተጠጋ ሰው የአየር ቀረጡ ይቀነስለታል።

እዚህ ላይ ምስጢሩ ይገለጣል። ትሬነሩ ርቀት አይለካም። የሚለካው ዋት ነው። የተለካውን ዋት በብሉቱዝ ወይም በሌላ ገመድ አልባ መንገድ ለመተግበሪያው ይልካል። መተግበሪያው ሂሳቡን ከኋላ ወደ ፊት ይሠራል፦ ይህን ያህል ዋት የከፈለ፣ ይህን ያህል የሚመዝን ሰው፣ በዚህ ዳገት ላይ በምን ፍጥነት ይሄዳል? መልሱን አግኝቶ ምስሉን ያንቀሳቅሳል። ከዚያ ምስሉ የደረሰበትን ቦታ አይቶ የዳገቱን መጠን ለትሬነሩ መልሶ ይልካል፤ ትሬነሩም ፔዳሉን ያከብዳል ወይም ያቀላል። ምልልሱ በየቅጽበቱ ይቀጥላል። ስለዚህ መሣሪያው ውስጥ ያለው ብረት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር በሚያህል ፍጥነት እየተሽከረከረ ስክሪኑ 12 ቢያሳይ ማንም አልተሳሳተም። ኪሎ ሜትሩ የተለካ ሳይሆን የተሰላ ነው።

ግድግዳው ላይ ያለው ዘመድ

ትሬነሩ ፔዳሉን የሚያከብደው ሳይነካ በሚይዝ ፍሬን ነው። እንዲህ ያለ ፍሬን ምን ይመስላል? ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በብዙ ቤት ግድግዳ ላይ የነበረውን የድሮውን የመብራት ቆጣሪ አስታውሱ። በመስታወቱ ውስጥ አንዲት የአሉሚኒየም ሳህን ትዞራለች። ምጣድ ሲለኮስ ትፈጥናለች፤ ሲጠፋ ትዘገያለች። ከሳህኗ ጠርዝ ላይ፣ ሳይነካት፣ ማግኔት ተቀምጧል። ሥራው ሳህኗን መያዝ ነው፤ እሱ ባይኖር ከሚገባው በላይ በፈጠነችና የቤቱን ባለቤት ባስለቀሰች ነበር።

ማግኔቱ ሳይነካ እንዴት ይይዛታል? ብረት በማግኔት አጠገብ ሲያልፍ በውስጡ እንደ ወንዝ አዙሪት የሚዞር የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈጠራል። ያ ጅረት የራሱን ማግኔትነት ይዞ ይነሣና ከፈጠረው እንቅስቃሴ ጋር ይጣላል። ብረቱ በፈጠነ ቁጥር ጠቡ ይበረታል። ፍትጊያ የለም፤ የሚያልቅ ሸራም የለም። የእንቅስቃሴው ጉልበት ሙቀት ሆኖ ያልፋል።

የትሬነሩ ሆድ ውስጥ ያለው የዚያ ቆጣሪ የቅርብ ዘመድ ነው። ልዩነቱ ማግኔቱ ቋሚ አለመሆኑ ነው፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራ በመሆኑ ኮምፒውተሩ እንደ ፈለገ ያጠነክረዋል፣ ያላላዋል። ዳገት መጣ ሲባል ጅረት ይጨመርለታል። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ሶኬት የሚፈልጉትም ለዚህ ነው። በመሃል መብራት ቢሄድ ተራራው በአንድ ጊዜ ይናዳል፤ ፔዳሉ ባዶ ሆኖ እግር ወደፊት ይወረወራል።

ከማግኔቱ ጋር መካኒኮች ቮላኖ የሚሉት ከባድ የብረት ጎማ አለ። የሰው እግር እኩል አይገፋም፤ ፔዳሉ ላይና ታች ሲደርስ ጉልበቱ ይሞታል። በመንገድ ላይ ይህን ክፍተት የሚሞላው ወደፊት የሚገፋን የራሳችን ክብደት ነው። ሳሎን ውስጥ የሚሞላው ቮላኖው ነው። ቮላኖው ቀላል የሆነበት ርካሽ መሣሪያ ላይ የተቀመጠ ሰው ጭቃ ውስጥ የሚረግጥ ይመስለዋል።

ግማሽ ዳገት ማታለል ነው?

ጀማሪዎችን የሚያጨቃጭቅ አንድ ነገር አለ። ዝዊፍት የዳገቱን ስሜት መጠን የሚቀንስ ማስተካከያ አለው፤ ማንም ካልነካው ግማሽ ላይ ነው። አማካይ ዳገቱ 8.5 በመቶ የሆነውን አልፕ ዱ ዝዊፍት ሲወጡ እግር የሚሰማው 4 በመቶ ትንሽ አለፍ ያለ ነው። ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው ተራራውን አልወጣሁትም» ብለው የሚያዝኑ አሉ።

ሐዘኑ ከንቱ ነው። ስሌቱ ሙሉውን 8.5 በመቶ ያስከፍላል። 240 ዋት ያልከፈለ 70 ኪሎ ሰው፣ ማስተካከያው የትም ይሁን የት፣ በሰዓት ውስጥ አይጨርስም። የሚቀየረው ማርሹ ብቻ ነው። ገበያ ላይ አንድ ኩንታል ጤፍ ሁለት ሰው ቢሸከመው በሰው ይቀላል፤ እዚህ ግን ኩንታሉን የሚሸከመው ያው አንድ ሰው ነው፤ ለውጡ በትልቅ እርምጃ ወይስ በትንንሽ እርምጃ ይሸከመዋል የሚለው ብቻ ነው።

ተራራው ሙቀት ሆኖ ሲቀር

እውነተኛ ተራራ ላይ የተከፈለው ጉልበት አይጠፋም። ከፍታ ሆኖ ይጠራቀምና ቁልቁል ሲወርዱ ፍጥነት ሆኖ ይመለሳል። ሳሎን ውስጥ ግን ማግኔቱ የተቀበለውን ሁሉ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ይህ ትንሹ ነው። የሰው ጡንቻ ከሚበላው ጉልበት ወደ ፔዳሉ የሚያደርሰው ሩቡን ቢሆን ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ በገላ ውስጥ ይቀራል። 240 ዋት ለሚያወጣ ሰው ይህ 800 ዋት ያህል ነው። ክፍሉ ውስጥ ከአንድ ሺህ ዋት በላይ የሚያቃጥል ምድጃ ተለኩሷል፤ ከምድጃው ውስጥ ደግሞ ሰው ተቀምጧል።

መንገድ ላይ ይህን ሙቀት የሚወስደው ነፋሱ ነው። ያ ቀረጥ ሰብሳቢ ያልነው አየር፣ በሌላ እጁ ገላችንን እያራገበ ውለታ ይመልሳል። ሳሎን ውስጥ መተግበሪያው ቀረጡን ያስከፍላል፣ ውለታውን ግን አያውቅም። የ800 ዋት ሙቀት ለማስወገድ በሰዓት ከአንድ ሊትር በላይ ላብ ከቆዳ ላይ መትነን አለበት። መትነን ነው ያልነው። ፎጣው ላይ የሚንጠባጠበው ላብ ውኃና ጨው ይዞ ሄደ እንጂ አላበረደም። ብዙ ሰው ከትሬነር ወርዶ «እንዴት አላበኝ!» እያለ ይኮራል፤ ነገር ግን የጎርፉ ብዛት የሚመሰክረው ለክፍሉ መታፈን ነው። ልብ ደሙን ለእግርም ለቆዳም ማካፈል ሲያቅተው ዋቱ ይወርዳል፤ ሰውዬው ተራራው ያሸነፈው ይመስለዋል። ያሸነፈው ግን ተራራው ሳይሆን ሙቀቱ ነው።

የከፍታ ከተማ ነዋሪ ሁለት ጊዜ ሲከፍል

የአዲስ አበባውን ብስክሌተኛ የሚመለከት ልዩ ጉዳይ አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የአየሩ ጥግግት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ለሳንባ ይህ ኪሳራ ነው፤ በየትንፋሹ የሚገባው ኦክስጅን ይቀንሳል። ለፍጥነት ግን ስጦታ ነው፤ የሚሰነጠቀው አየር ሳስቷል። ቤልጅጋዊው ኤዲ መርክስ በ1972 የአንድ ሰዓት ክብረ ወሰን ለመስበር ሜክሲኮ ሲቲ ድረስ የሄደው ይህን ስጦታ ፈልጎ ነው። በዚያች 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ባለች ከተማ 49.431 ኪሎ ሜትር ጋለበ።

ትሬነር የክፍሉን አየር አይመዝንም። የአዲስ አበባው ሰው ኪሳራውን በሳንባው ይከፍላል፤ ስጦታውን ግን መተግበሪያው አይሰጠውም። ዳገት ላይ ልዩነቱ ብዙ አይታይም፤ የአየር ቀረጡ 8 ዋት ብቻ እንደነበረ አይተናል። ሜዳ ላይ ግን ዱባይ ካለ እኩያው ጋር ቢወዳደር በስክሪኑ ላይ ወደኋላ መቅረቱ አይቀርም። ጥፋቱ የእግሩ አይደለም።

ዓባይን ሳሎን ማስገባት

መተግበሪያ የፈጠረውን መንገድ ብቻ መጋለብ ግዴታ አይደለም። ሩቪ የተባለው የቼክ መተግበሪያ በእውነተኛ መንገዶች ላይ በተቀረጸ ቪዲዮ ይሠራል። ከዚህም በላይ፣ አንድ ሰው በብስክሌት ኮምፒውተሩ የመዘገበውን መንገድ ትሬነሩ እንዲደግመው ማድረግ ይቻላል። ከዓባይ ድልድይ ተነሥቶ ወደ ጎሐ ጽዮን፣ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ። አልፕ ዱዌዝን የሚያስንቅ ዳገት ነው።

እዚህ ላይ ግን ወጥመድ አለ። ብዙ ካርታዎች ከፍታን የሚወስዱት ከጠፈር ከተለካ መረጃ ነው፤ ዋነኛው የናሳ መንኮራኩር ኤንደቨር በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. በራዳር የሰበሰበው ነው። በዚያ መረጃ ምድር በ30 ሜትር ገደማ ካሬዎች ተከፋፍላለች። ለሜዳ ይበቃል። ገደል ተፈልፍሎ በተሠራ ጠባብ መንገድ ላይ ግን አንዱ ካሬ መንገዱን፣ ቀጣዩ ከበላዩ ያለውን ቋጥኝ ይይዛል። ውጤቱ በዓባይ በረሃ ወይም በሊማሊሞ የሌለ ግድግዳ ነው፤ ትሬነሩም አምኖ ፔዳሉን ይቆልፈዋል። መድኃኒቱ በአየር ግፊት ከፍታ በሚለካ መሣሪያ ራስን መንገዱን ሄዶ መመዝገብ ነው። የሳሎኑ መንገድ እውነት እንዲሆን አንድ ሰው አስቀድሞ በእውነተኛው መንገድ ማለፍ አለበት።

ሚዛኑ ላይ የቆመ እውነት

ስሌቱ ሐቀኛ ነው፤ የተነገረውን ሁሉ ያምናል። ብስክሌተኛችን 70 ኪሎ ሆኖ ሳለ 60 ብሎ ቢጽፍ፣ በዚያው 240 ዋት ተራራውን ከአንድ ሰዓት ይልቅ በ53 ደቂቃ ገደማ ይወጣዋል። በአንድ የቁጥር ቁልፍ ሰባት ደቂቃ ተሰረቀ። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን የዚህ ስፖርት የዓለም ሻምፒዮና ሲያዘጋጅ የተወዳዳሪዎች ክብደት መረጋገጡ ለዚህ ነው። ያሸነፉት ደቡብ አፍሪካዊቷ አሽሌይ ሙልማን-ፓሲዮና ጀርመናዊው የቀዘፋ ስፖርተኛ ጄሰን ኦዝቦርን ነበሩ። በ2024 ደግሞ የፍጻሜው ውድድር ተወዳዳሪዎቹን በአንድ አዳራሽ ሰብስቦ አቡ ዳቢ ላይ ተካሄደ።

ዋቱ እውነት መሆኑን የመሰከረው ግን አውስትራሊያዊው ጄይ ቫይን ነው። በ2020 በዝዊፍት በተካሄደ የምልመላ ውድድር አሸንፎ የፕሮፌሽናል ቡድን ውል አገኘ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ በ2022ቱ የስፔን ቩኤልታ ሁለት ቀን አሸነፈ፤ ሁለቱም ተራራ ጫፍ ላይ የሚያልቁ ነበሩ። ሳሎን ውስጥ የተለካው ጉልበት ተራራው ላይም ያው ሆኖ ተገኘ። በዚያው ውድድር የተራራ ንጉሥ መለያ ለብሶ ሳለ ወድቆ አቋረጠ። መውደቅ ማንንም ያገኛል፤ ሳሎን ውስጥ ግን ማንንም አያገኝም። ብስክሌቱ አያጋድልም፣ ፍሬን አይያዝም፣ ከጎን ሚኒባስ አይገባም፣ አስፋልቱ ዘይት አይፈስበትም። እነዚህን ትሬነር አያስተምርም።

እንግዲህ ጤፉንና አሸዋውን እንለይ። ኪሎ ሜትሩ ስሌት ነው፤ በረዶውና መታጠፊያው ሥዕል ነው። ዋቱ፣ ደቂቃውና ላቡ እውነት ናቸው። ትሬነር ለመግዛት ያሰበ አንባቢ ካለ ምክሬ አጭር ነው፦ ከትልቁ ቴሌቪዥን በፊት ጥሩ ቬንትሌተር ግዙ፤ ከመጀመሪያው ዳገት በፊት ሚዛን ላይ ወጥታችሁ ያያችሁትን ቁጥር ጻፉ። «ስንት ኪሎ ሜትር ሄድክ?» ብሎ የሚጠይቃችሁ ቢኖር ዋታችሁንና ደቂቃችሁን ንገሩት። ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ የኋላውን ጎማ መልሳችሁ ግጠሙ።